ከነጠላው ሥር ያለ ባሕር

ሸዋ ሮቢት ላይ «ሷሊሕ ጎሚስታው» ሲባል የማያውቅ ሹፌር አልነበረም። በዚያ በደርግ ዘመን የአገሩ ጭነት ወደ አሰብ ሲወርድና ከአሰብ ሲወጣ፣ መኪናው ወይ ከደብረ ሲና ቁልቁለት ፍሬኑ ግሎ፣ ወይ በአፋር በረሃ ድንጋይ ጎማው ተበልቶ እሱ ደጅ ይቆማል። ሷሊሕም ካላማዳሪውን ከጎማው ሆድ ጎልጉሎ ያወጣና ነፍቶ በርሜል ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቀዳዳው አረፋ ሲተፋ ያያል፣ ይለጥፋል፣ መኪናው ይሄዳል፤ እሱና አቧራው ይቀራሉ።

ሚስቱ ራቢዓ የአሰብ ልጅ ናት፤ አባቷ ዓሣ አጥማጅ። ሷሊሕ በጉርምስናው የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አሰብ ሲመላለስ፣ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብላ መረብ ስትጠግን አያት፤ እሷም ዘይት የጠገበ ልብሱን አይታ ሳቀችበት። ነገሩ ሁሉ ከዚያች ሳቅ ጀመረ። ኒካሕ ታስሮ ወደ ይፋት ቆላ ይዟት ሲመጣ መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ እያየች መጣች። ባሕሩ ከዓይኗ ከጠፋ በኋላም ማየቷን አልተወችም።

አገሩን ጠልታው አልነበረም። ማሽላው ሲያሸት፣ የሎሚው ጠረን ከወንዙ ዳር በነፋስ ሲመጣ «ደግ አገር ነው» ትላለች። ግን አመሻሽ ላይ ልብስ ስታጣጥፍ ከጉሮሮዋ የማትለይ አንዲት እንጉርጉሮ ነበረቻት፦

ባሕር ዳር አድጌ፣ ቆላ ተድሬ፣
ጨው ጨው ይላል እንባው ከንፈሬ ላይ ዛሬ።

ሷሊሕ ይህችን ሲሰማ በእጁ የያዘው ብረት ሁሉ ይከብደዋል።

በቤቱ ውስጥ እናቱ እማ ፋዲላም አሉ። ምራታቸውን ይወዷታል፤ ፍቅራቸው ግን መሸፈን ነው። ራቢዓ ሙሽራ ሆና የገባች ዕለት መልኳን አይተው «ይቺን ዓይን ይበላታል» ብለው የራሳቸውን ነጠላ አለበሷት፤ የሙሽርነቱ ወራት ካለፈ በኋላም አላወለቁላትም። ገበያ እሳቸው ይወጣሉ፤ ውኃ በሰው ያስቀዳሉ። ጎረቤት «ሙሽራዋን አሳዩን እንጂ» ሲል «ተኝታለች» ይላሉ፣ በጠራራ ፀሐይ።

እንዲህ ባለ ዘመን ነው ሹፌሩ ከበደ ከአሰብ ሲመለስ መኪናውን ከደጅ ያቆመው። ጋቢናው ውስጥ፣ ከእግሩ ሥር፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ሷሊሕ፣ አማትህ ድንጋይ ጫነችብኝ» አለ ሲወርድ።

«ምን ድንጋይ?»

«እኔ ምን አውቄ። ‹ነፍስ አለው፣ አታንገጫግጨው› አለችኝ። ሚስቴን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ ጭኜ አላውቅም። ከኋላ ደግሞ በየጀሪካኑ የባሕር ውኃ አለልህ። ባሕሩን ቀድተው ጨርሰውታል።»

ራቢዓ ከቤት ወጣች። ጀሪካኑ ውስጥ ስታይ ፊቷ ተፈታ። ጡጫ የሚያህል ነገር፣ ድንጋይ ላይ የበቀለ፣ ማር የመሰለ ቀለም ያለው፣ ጣት ጣት የሚመስል ቅርንጫፍ ያወጣ። በጣቶቹ ላይ ሁሉ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ያሉ ጥቃቅን አበቦች ውኃው ሲነቃነቅ ይርገበገባሉ።

«መርጃን ነው» አለች።

«መርጃንማ የአንገት ጌጥ አይደል?» አሉ እማ ፋዲላ። «ቁርኣን ላይ ያለው?»

«አዎ እማ። ይሄ ገና ያልሞተው፣ ከባሕር ሥር ድንጋይ ላይ የሚያድገው ነው።»

ሷሊሕ የሚያውቀውን ሁሉ አወጣ። ጀውሃ ላይ ተገልብጦ ከቀረ አውቶቡስ፣ ጠባቂውን አስፈቅዶ፣ የመስኮት መስተዋት አመጣ፤ በስቱኮ ገጣጥሞ ሣጥን ሠራ። ዓሣና መርጃን ትንፋሽ የሚሹ መሆናቸውን ራቢዓ ስትነግረው፣ የትልቅ መኪና ካላማዳሪ ጠዋት ጠዋት በኮምፕሬሰሩ ጢም አድርጎ እየነፋ፣ በቀጭን ጎማ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ወደ ውኃው እንዲለቅ አደረገው። ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ራቢዓ ጣቷን እየነከረች በምላሷ ትቀምሳለች፤ ሙቀቱ ውኃውን ወስዶ ጨውን ሲተው፣ የዝናብ ውኃ ትጨምርበታለች። «አሁን የቤታችንን ይመስላል» እስክትል ድረስ።

ሳጥኑ ውኃ የያዘ ዕለት ማታ ባሏን ጠርታ አስቀመጠችው።

«ሷሊሕ፣ ተጣልቼህ አይደለም የምነግርህ። ይሄ ነገር እዚህ ቆላ ውስጥ ከኖረ፣ እኔም መኖር እችላለሁ ማለት ነው። ከሞተ ግን ከከበደ መኪና ጋር ወደ እናቴ እሄዳለሁ።»

«ኢንሻአላህ ይኖራል» አለ ሷሊሕ።

ወሬው ግን ወጣ። «ጎሚስታው ቤት ድንጋይ አበባ አወጣ» ተባለ። ከቀወት ገበያ የሚመለሰው ሁሉ ጎራ ይላል፤ ሴቱ በመስተዋቱ ላይ ግንባሩን ይለጥፋል፤ አንዱ «ውይ ማማሩ» ብሎ ማሻአላህ ሳይል ይወጣል። እማ ፋዲላ ይሄን መቻል አቃታቸው። ነጠላቸውን አጥፈው፣ ደርበው፣ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች አለበሱት። ራቢዓ ስትገልጥ እሳቸው ይመልሱታል። ደግሞ አማት ናቸው፤ የአማት እጅ ያለበሰውን የምራት እጅ አይገፍፍም። ራቢዓም ብትሆን፣ ባሕር ውስጥ ፀሐይን ለመርጃን የሚሰጥ ሰው አይታ ስለማታውቅ፣ ብርሃን ቀለቡ መሆኑን ያኔ አላሰበችውም።

ከእለታት አንድ ቀን እማ ፋዲላ ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩና ደስ አላቸው።

«ራቢዓ፣ ነይ እይ እንጂ። ጠርቷል ማሻአላህ። እንደ ተነደፈ ጥጥ ነጥቷል። ሸፍኜ ስላቆየሁት እኮ ነው።»

ራቢዓ መጥታ አየች። መርጃኑ ነጭ ሆኗል፤ አበቦቹ ገብተዋል። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እየሞተ ነው እማ። ይሄ ነገር የሚነጣው ሲሞት ነው።»

«በዓይን ነው እንግዲህ» አሉ እማ ፋዲላ።

«በዓይን አይደለም። በጨለማ ነው። እኔም ከመጣሁ ጀምሮ ከዚሁ ነጠላ ሥር ነኝ።»

ይህን ብላ ገባችና ልብሷን ታጥፍ ጀመር። ከበደ ወደ አዲስ አበባ ጭነት አድርሶ ወደ አሰብ የሚመለስበት ጊዜ እየቀረበ ነበር።

ሷሊሕ በመጀመሪያ የጭነት መኪና የፊት መብራት ፈትቶ ከባትሪ ጋር አገናኘና ሳጥኑ ላይ ደቀነው። ቢጫ ብርሃን ቤቱን ሞላው። ወዲያው ውኃው ለብ አለ፤ ተርፎ የነበረው ጥቂት አበባ ሁሉ ተኮማተረ። ራቢዓ ከጓዳ ወጥታ አጠፋችው።

«የባሕር ብርሃን እንዲህ አይቆጣም» አለች። «ከላይ ፀሐይ ሆኖ ይገባል፤ ሲወርድ፣ ሲወርድ ቁጣው ይበርድና ሰማያዊ ይሆናል። አባቴ ጠልቆ ሲወጣ ‹የታችኛው ቀን› ይለዋል።»

«የታችኛው ቀን» አለ ሷሊሕ ለራሱ። ቃሏ ልቡ ውስጥ ገብታ እንደ ዘፈን አዝማች ትመላለስበት ጀመር። ጎማ ሲፈታ የታችኛው ቀን፣ ሲለጥፍ የታችኛው ቀን። ሰማያዊ መብራት የት አየሁ ሲል፣ በረዳትነቱ ዘመን በአውቶቡስ የተሳፈረባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉት፤ መንገደኛው እንዲተኛ ከጣራው ላይ የሚበራው ደብዛዛ ሰማያዊ። ተነሥቶ ጀውሃ ሄደ። ያው የተገለበጠው አውቶቡስ ጣራው ወደ ታች፣ መቀመጫው ወደ ላይ ሆኖ ተኝቷል። በሆዱ ገብቶ የጣራውን ሸምበቆ የመሰለ ረጅም ነጭ መብራት ከነመያዣው፣ የሌሊቱንም ሰማያዊ አምፖል ፈትቶ ይዞ ተመለሰ። ባትሪውን ቀን ቀን ከኮምፕሬሰሩ ሞተር ጋር በተያያዘ ዲናሞ ሊሞላው አሰበ።

መብራቱ ተገኘ፤ ነጠላው ግን አለ።

«አብራ፣ ማን ከለከለህ» አሉ እናቱ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠው። «ነጠላዬን ግን አትንካ።»

«እማዬ፣ ከላዩ ካልተነሣ ብርሃኑ በየት ይገባል?»

«የነጣው በሰው ዓይን ነው። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። ገልጠኸው ቢሞት ሚስትህን ማን ይመልስልሃል? እኔ እሷ እንድትሄድ የምፈልግ መስሎሃል?»

ሷሊሕ ያኔ ነው እናቱን ልብ ብሎ ያያቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። ነጠላውን የያዙት ምራታቸውን የያዙ መስሏቸው ነበር።

አልተከራከራቸውም። ወጥቶ ሽቦ ቆረጠ፤ እንደ አልጋ አጎበር ያለ ጎጆ አጣጥፎ ሳጥኑ ላይ አቆመ። ከጎጆው ጣራ ሥር ሸምበቆውን መብራት ሰቀለ፤ ሰማያዊውን አምፖል ከጎኑ። ከዚያ የእናቱን ነጠላ ከእጃቸው ተቀብሎ በጎጆው ላይ፣ ከመብራቱም በላይ፣ አለበሰው። መርጃኑ እንደ ተሸፈነ ነው፤ መብራቱም አብሮት ተሸፍኗል። ነጩ ጨርቅ ብርሃኑን ወደ ውስጥ እየመለሰ ሳጥኑ ላይ ያፈስሰው ጀመር።

እናቱ ዙሪያውን ዞረው አዩ። የሚያጋልጥ ቀዳዳ አጡበት።

«ይሁን» አሉ።

ራቢዓ ጭንቅላቷን ከነጠላው ሥር አስገብታ ብዙ ቆየች። «ከፍ አድርገው» አለች። ሽቦውን አሳጠረ። «አሁንም ቀርቧል። ታሟል እኮ፤ ለታመመ ሰው በአንድ ጊዜ ትልቅ ጉርሻ አታጎርስም።» ደግሞ ከፍ አደረገው። በመጀመሪያው ቀን ለአፍታ አብርተው አጠፉት። በማግስቱ ትንሽ አስረዘሙት። እንዲህ እያለ መብራቱ ጠዋት የሚወጣ፣ ማታ የሚጠልቅ የቤት ውስጥ ፀሐይ ሆነ። ነጠላው ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጥላ ግን ወደ ደጅ መፍሰሱ አልቀረም፤ የቀበሌው ዘብ አንድ ምሽት በር ላይ ቆመ።

«ጓድ ሷሊሕ፣ ቤትህ ውስጥ አውቶቡስ አቁመሃል እንዴ? ምንድነው ይሄ ብርሃን? ሬዲዮ ነው?»

እማ ፋዲላ ቀደሙ። «ሙሽራ ነው። አይታይም።»

«ምን ሙሽራ?»

«የታመመ ሙሽራ። እጅህን ካስገባህ ርጥብ ነው፤ ዓይንህን ካስገባህ ግን ጠብህ ከእኔ ጋር ነው።»

ዘቡ እጁን አስገብቶ ጣቱን ላሰ። «ጨው» አለ። ሳቀና ሄደ።

እማ ፋዲላ እስከዚያ ቀን ድረስ ከነጠላው ሥር ገብተው አያውቁም ነበር። ዘቡ ከሄደ በኋላ ምራታቸው እዚያው እንደ ገባች ስትዘገይባቸው፣ ምን ሆና ነው ብለው ጎንበስ ብለው ጭንቅላታቸውን አስገቡ። ሷሊሕ ከውጭ የሚያየው ሁለት ጀርባ ብቻ ነው።

«ያ ረቢ» አሉ እናቱ በሹክሹክታ። ቆዩ። «ራቢዓ፣ አንቺ ያደግሽው እዚህ ውስጥ ነው?»

«ዳሩ ላይ ነው እማ።»

«እንዲህ ነው ታዲያ ውስጡ?»

«እንዲህ ነው። ግን መጨረሻ የለውም።»

«ዓሣው በየት በኩል ነው የሚመጣ?»

ራቢዓ ነገረቻቸው። ነጠላው ሥር ሆና ስለ አባቷ ጀልባ፣ ስለ ማዕበሉ፣ በጨረቃ ስለሚያበራው ውኃ እስክትጨርስ ሷሊሕ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሁለቱም ይገባሉ። አንዱ የመርጃኑ ጣት አልዳነም፤ አረንጓዴ ሽበት አብቅሎ ቀረ። ሌሎቹ ግን ከሥራቸው ጀምሮ፣ በጣም በዝግታ፣ የማር ቀለም ያወጡ ጀመር። የራቢዓ የታሰረ ልብስ ግን አሁንም ከግድግዳው ሥር አለ። ሷሊሕ በአጠገቡ ሲያልፍ አይቶ እንዳላየ ይሆናል።

ከበደ አንድ ረፋድ ላይ መኪናውን ሲያቆም ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። የኋላ ጎማው ተንፍሶ ነበርና ሷሊሕ ወጥቶ ሥራውን ያዘ። ቀና ብሎ ቤቱን አላየም።

«ራቢዓ ተዘጋጅታለች?» አለ ከበደ፤ ልትሄድ መሆኑን በመንገድ ሰምቷል። «በረሃውን በቀን ልሻገረው ነው። አታኩርፍ እንጂ ወንድሜ። ላዚምልህ?» ሳይፈቀድለት ቀጠለ፦

ጎማዬን ለጠፍከው፣ ቀዳዳው ሳይሰፋ፣
ልብን ማን ይለጥፋል ትንፋሹ ሲጠፋ?

ሷሊሕ አልሳቀለትም። የኮምፕሬሰሩን ጎማ ከቫልቩ ጋር አገናኝቶ አየሩን ለቀቀ።

እማ ፋዲላ ከቤት ወጡ። ያለ ነጠላ፣ በሻሻቸው ብቻ። ሰው ፊት እንዲህ ወጥተው አያውቁም።

«ከበደ፣ ደህና አደርክ? አንተ ሂድ።»

«ራቢዓስ እማማ ፋዲላ?»

«ሥራ ይዛለች። አበቦቹ ተከፍተዋል፣ መብራቱን ዝቅ እያደረገች ነው።» ወደ መኪናው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ለእናቷ ሰላም በል። ልብሷን እኔ ፈትቼ ሰቅየዋለሁ፣ በራሷ እጅ አቀብላኝ። ደግሞ ስትመለስ የባሕር ውኃ ከመሃል ቅዳ። ባለፈው ከዳር ዳሩ ነው የተቀዳው፤ አሸዋ አለበት።»

ከበደ አፉን ከፍቶ አያቸው። «እርስዎ ደግሞ ባሕሩን መቼ አወቁት?»

«አትዘግይ፤ ፀሐይ ይጠብስሃል» አሉትና ተመልሰው ገቡ።

ከበደ ወደ ሷሊሕ ዞረ። ሷሊሕ ጆሮውን ወደ ቤቱ ጥሎ ጎንበስ እንዳለ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ይጮኻል፣ ጎማው አብጦ አብጦ ሊፈነዳ ደርሷል።

«ኧረ አየሩ በቃው፣ ሷሊሕ» አለ ከበደ። «በቃው እኮ።»