የእትዬ ድርብ ባንዲራ

በወደቡ የባሕር ኃይል ስፌት ክፍል እትዬ ድርብ የሚሏት ባንዲራ ሰፊ ነበረች። ስሙ የወጣላት ሁሉን ነገር ሁለቴ ስለምትሰፋ ነው። ንግግሯም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ለሚሰማ፣ ሌላው ለሚደነቁር።

ያላት አንድ ልጅ ነው፤ እሱም የጥበቃ ጀልባ መርከበኛ። ያን ሰሞን አገሯና ጎረቤት አገር ባሕር መሃል ባለች አንዲት ድንጋይ ተጣሉ። ሣር የላት፣ ውሃ የላት፤ ነዋሪዎቿ ወፎች፣ ምርቷ ኩስ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። ጎረቤቶቹ ትልቅ ባንዲራ ሰቅለው ድንጋይዋን ዞሩ። የእሷ አገር ሰዎች የሚበልጥ ሰቀሉ። እነዚያ ጨመሩ።

የባሕር ኃይሉ አለቃ ስፌት ክፍል ድረስ መጡ።

«እትዬ፣ የቤት ጣሪያ የሚያለብስ ባንዲራ ስፊልኝ።»

«ጀልባዋ ትችለዋለች ጌታዬ? ትችለዋለች?»

«ክብር አይከብድም!»

በክፍሉ ልማድ ትልቅ ባንዲራ በገመዱ በኩል ሳሳ ተደርጎ ይሰፋል፤ ነፋስ ሲበረታ ጨርቁ ተቀዶ ጀልባዋን እንዲለቃት። እትዬ ድርብ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን ባንዲራው የሚሰቀለው ልጇ ጀልባ ላይ ነው። «የእናትህ ስፌት ተተረተረ» ብለው ሲስቁበት ታያትና በወፍራም ክር ደራርባ ሰፋችው።

ጀልባዋ ድንጋይዋ አጠገብ ሞተር አጥፍታ ቆማ ሳለ ነፋሱ መጣ። ባንዲራው መቀደዱን ትቶ እየጎተተ ድንበር አሻገራትና ከጎረቤት መርከብ ጋር አላተማት። «ወረሩን!» አለ የወዲያኛው ሬዲዮ። «ጀግኖቻችን ገሰገሡ!» አለ የወዲህኛው። እውነቱን የሚያውቀው ነፋሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ መግለጫ አይሰጥም። መድፎች ፊት ለፊት ተፋጠጡ፣ ተጠባባቂ ጦር ተጠራ። እትዬ ድርብ ሬዲዮኗን አቅፋ «በገዛ እጄ፣ በገዛ እጄ» እያለች አለቀሰች።

ልጇ ግንባሩ አብጦ ተመለሰ።

«እማዬ፣ ምን ዓይነት ስፌት ነው? በቢላ እንኳ እንቢ አለን እኮ!»

ይህን ሲል አለቃው ደረሱ።

«እነሱ ከእኛ የሚበልጥ ሰቅለዋል። የዚያን እጥፍ ስፊ፤ ይሄው ልጅሽ ይዞት ይወጣል።»

«እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ።»

በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በነጠላ ክር፣ ያውም ለመያዣ ያህል አላልታ ሰፍታ ሰጠች።

በመጀመሪያው ሽውታ ባንዲራው ተገንጥሎ ሄዶ ወፎቹን አለበሳቸው። የወዲያኞቹ መርከበኞች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሆዱን የያዘ ሰው ደግሞ መድፍ አይተኩስም። ያለ ባንዲራ ለጥበቃ መቆም በባሕር ኃይሉ ደንብ የተከለከለ ስለሆነ ጀልባዋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አለቃው ለውርደቱ ተጠያቂ ሲፈልጉ ሩቅ አልሄዱም፤ እትዬ ድርብን አባረሯት።

ማታ ልጇ ራቱን እየበላ አንገቱን ደፋ።

«ሥራሽ ሄደ እኮ እማዬ።»

«ይሂድ። ይሂድ» አለችና ሳህኑን ሞላችለት። «አንተን ግን ሁለቴ አልወልድህም።»