የንስሯ ጥቁርና ቢጫ ስክሪን

ንስር ብለው የሰየሟት ገና በጽሕፈት መኪና ዘመን ነው። ሌላው ጸሐፊ ሁለቴ አንብቦ ያሳለፈውን ደብዳቤ እሷ ከሰው ትከሻ በላይ አየት አድርጋ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል ትል ነበር፤ ሲታይም ጎድሎ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙም አይወደድም፣ ይከበራል እንጂ። እሷም መወደዱን ለሌላው ትታ በመከበሩ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረችበት፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ፣ ሁለተኛው መስኮት ላይ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ የላትም። ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት ሁለት ክፍልና አንድ ሬዲዮ ነው። መሥሪያ ቤት ግን በቀን አርባ ሰው ፊቷ ቆሞ «እባክሽ እህቴ» ይላታል። ይኼን ነገር ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ ብቻውን ኖሮ አያውቅም።

ዓይን ግን ውለታ አያውቅም። ፊደሉ እየተንሳፈፈ ያስቸግራት ከጀመረ አራት ዓመት ይሆነዋል። መጀመሪያ መብራቱ ነው አለች፣ ቀጥላ አቧራው ነው አለች፣ ከዚያ መነጽር አሠርታ መነጽር ሠሪውን ስትረግም ከረመች። ለሰው ግን ትንፍሽ አላለችም። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ጆሮው የደነቆረ ጊዜ ያደረጉበትን በዚያው በዓይኗ አይታለች። ደመወዙን ሳይነኩ ሥራውን ወስደው ኮሪደር ላይ ወንበር ሰጡት። አላፊ አግዳሚው ጮክ ብሎ እንደምን ዋሉ ይለዋል፣ እሱም ፈገግ ይላል፣ በቃ ሥራው ይኼ ሆነ። ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እሷም ያኔ፣ እንዲህ ከምሆን አፈር ይብላኝ ብላ በልቧ ማለች።

የኮምፒዩተሯን መልክ መለዋወጥ የጀመረችው በዚህ ፍርሃት ነው። ማንም አላስተማራትም። በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ በሩን ገርበብ ታደርግና ሴቲንግ ውስጥ ገብታ እንደ ሰው ቤት እየተሳቀቀች ትበረብረዋለች። መጀመሪያ ፊደሉን አንድ ደረጃ አተለቀችው። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ደረጃ። ነጩ ስክሪን ዓይኗን እየወጋ ሲያስለቅሳት ጀርባውን ጥቁር፣ ጽሑፉን ቢጫ አደረገችው። የማውሱ ቀስት እየጠፋ ሲያናድዳት ደግሞ የአውራ ጣት ያህል አወፈረችው። የሌላው ሰው ስክሪን ላይ አበባ አለ፣ የልጅ ፎቶ አለ፣ ባሕር አለ፤ የሷ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ነው። እሷ አንድ ስታስተካክል ዓይኗ ሁለት ይቀንስባታል።

አጠገቧ የምትቀመጠው ማኅተም ያዧ ናት። ንስሯ የጻፈችውን ወረቀት ተቀብላ ማኅተም መትታ ለባለጉዳዩ የምትሰጠው እሷ ነች፤ አፏ የማያርፍ፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ ሴት። «አንቺ፣ ይኼ ኮምፒዩተር ነው ንብ?» ትላታለች። ንስሯም «ንብ ከሆነ አትጠጊው፣ ይነድፍሻል» ብላ ትመልሳለች፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሌላ ሰው ከጠየቃት፣ ውበት ነው፣ የናንተ ነው እንጂ የገጠጠው ትላለች። ነገሩ በቀልድ እስካለፈ ድረስ ማን ይመረምራል? እሷም በዚህ ብልሃቷ ውስጥ ውስጡን ትኮራ ነበር።

ባለፈው ዓመት ትልቁም ፊደል መደብዘዝ ሲጀምር ከዓይኗ ይልቅ እጇን ማመን ጀመረች። የሦስቱን ቅጾች ምልክት ስክሪኑ ላይ በየጥጉ በተነችው። ልደትን፣ ብዙ ሰው የሚመጣው ለሱ ነውና፣ በስተግራ ታችኛው ጥግ ላይ አኖረችው፤ ማውሱን ወደ ራሷና ወደ ግራ ሳብ ካደረገችው ቀስቱ ሄዶ ጥጉ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ሁለቴ ጫን ነው። ጋብቻን በስተቀኝ ታች። ሞትን ግን በስህተት እንኳ እጇ እንዳይሄድበት አርቃ በስተቀኝ ከላይ ሰቀለችው። ቅጹ ከተከፈተ በኋላ ችግር የለም፣ ጣቶቿ ፊደሉን ያውቁታል። ከሳጥን ወደ ሳጥን የምትዘለው በቁጥር ነው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ ቀን፣ ቦታ። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ሰንፎ አንዱን ከሌላው ስለገለበጠው የልደቱም የሞቱም ሳጥኖች አንድ ዓይነት ናቸው። ባለጉዳዩን ደግሞ፣ ስህተት እንዳይገባ ከያዝከው ወረቀት ላይ ጮክ ብለህ አንብብልኝ ትለዋለች። ሰዉም በጥንቃቄዋ ይገረም ነበር።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ዝብርቅርቅ ነገር ሲያይ ግን ያመዋል። አንድ ቀን ተነሥቶ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር አንድ መልክ ይኑረው ብሎ ወሰነ። ንድፉንም ራሱ አወጣ፦ ከጀርባ ዓርማው፣ በግራ ጠርዝ በኩል ደግሞ ቅጾቹ፣ ልደት ከላይ፣ ጋብቻ ከመሃል፣ ሞት ከታች፣ እንደ ሰው ዕድሜ። በዚህች ሐሳቡ ኮርቶ ላገኘው ሁሉ ሲያስረዳ ሰነበተ። ሥራው የተሰጠው ለአይቲው ነው፤ ከተቀጠረ ሁለት ወሩ፣ የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ፣ ሳይጠሩት መጥቶ ኬብል የሚያስተካክል መልካም ሰው ነው።

አይቲው የንስሯ ማሽን ጋ የደረሰው ሐሙስ ከሰዓት ነው። እሷ አልነበረችም። ጥርሴን ታይቼ ልምጣ ብላ ወጥታ የዓይን ሐኪም ቤት ተቀምጣለች። ሐኪሙ ብዙ አላወራም። ከዓይኗ ጀርባ ያለው ጅማት እየሞተ እንደሆነ፣ መነጽርም መድኃኒትም እንደማይመልሰው፣ ዛሬ የምታየውን ከርሞ እንደማታየው ነገራት። አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ዓርብ ጠዋት ማሽኗን ስትከፍት ጥቁሩም ቢጫውም እንደነበረ ነው። እፎይ አለች፤ የሷን ሳይነኩባት የቀሩ መሰላት። የተነኩት ቅጾቹ ብቻ ነበሩ፣ እነሱን ደግሞ ማየት ከተወች ከርማለች። የመጀመሪያው ባለጉዳይ ሹፌር ነበር፣ ለአራስ ልጁ የልደት ወረቀት ፈልጎ የመጣ። ከስምንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ያገኛት ልጅ ናት፤ ስሟን ሁለት ጊዜ አነበበላት። ንስሯ መረቀችለት። ማውሱን ወደ ራሷና ወደ ግራ ሳበች፣ ሁለቴ ጫነች፣ ጻፈች፣ አተመች። ማኅተም ያዧ ልጇ ታሞባት አልመጣችም፤ ከሌላ ክፍል የተላከው ተተኪ እያዛጋ ማኅተሙን መታ። ሹፌሩም ወረቀቱን እንደ ብርቅ ነገር አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። እሱ እንደወጣ መብራት ጠፋ፣ እስከ ማታም አልመጣም።

ሰኞ ጠዋት ሹፌሩ ተመለሰ። አልጮኸም፣ ቢጮኽ ይሻል ነበር። ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ዘረጋና «እህቴ፣ ልጄ አለች እኮ። ጡት ስትጠባ ትቻት ነው የመጣሁት» አላት።

ምን እንዳለ አልገባትም። እንደ ልማዷ «አንብብልኝ» አለችው።

ሰውየው ወረቀቱን ወደ ራሱ መለሰው። ከዚያ አነበበላት። የሞት ምስክር ወረቀት ብሎ ጀመረ፣ የልጁን ስም አነበበ፣ የራሱን ስም አነበበ፣ የእናቷ ስም ላይ ሲደርስ ግን አልቻለም። ያየችው እናቷ ናት፣ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥታ ከልጅቷ ልብስ ጋር ልታስቀምጥ ስትል አለ። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ልጅቷ በተኛች ቁጥር ትቀሰቅሳታለች። ማኅተም ያዧ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ሰውየውን ይዛ፣ ትክክለኛውን ወረቀት በራሷ ማሽን ሠርታ ሸኘችው። የሴትየዋን ፍርሃት ግን በምን ማሽን ይሠሩታል?

ረፋዱ ላይ ወሬው ወጣ፦ ጥፋቱ የአይቲው ነው። ቅጾቹን ሲደረድር አቀያይሯቸዋል፣ ዛሬ ከሰዓት የስንብት ደብዳቤ ይጻፍለታል ተባለ። ንስሯ ሰማች። የራሷ ኮምፒዩተር አሰላለፍ መለወጡንም ያኔ ነው ያወቀችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዲያው አልተነሣችም። ወጣት ነው፣ ሌላ ሥራ ያገኛል አለች። እኔ ግን የት እሄዳለሁ አለች። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ቁጭ ብላለች። አይቲው ዕቃውን በካርቶን ሰብስቦ ሲያልፍ፣ የሷን ነገር ምንም ሳያውቅ «እትዬ፣ ዓርብ መብራቱ ሲጠፋ ማሽንዎ አልተጎዳም አይደል?» ብሎ ጠየቃት። ይቺ ጥያቄ ናት አንጀቷን የበላችው። ግድግዳውን በእጇ እየታከከች የኃላፊው ቢሮ ገባች።

ቆማ ተናገረች። ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ፣ ዓይኗ እንደማያይ፣ ቅጾቹን በጥግ በጥግ ለይታ በእጇ ስትሠራ እንደነበረ፣ የሷ እጅ የቀድሞው ቦታ ሄዶ ሞትን እንደከፈተ፣ ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ የመጨረሻ ምሥጢሯን እንዳወጣች ነበር የምታስበው። ቁጣውን ጠበቀች።

«እትዬ፣ እናውቃለን እኮ» አላት ኃላፊው ቀስ ብሎ።

«ምኑን?»

«ዓይንዎን። ሁለት ዓመት አለፈው። ማኅተም ያዧ ናት መጥታ የለመነችኝ። እርስዎ የጻፉትን ሁሉ ማኅተም ከመምታቷ በፊት ታነበዋለች፤ የተሳሳተውን በራሷ ማሽን አስተካክላ ታወጣለች። ጥቁርና ቢጫውንም አትንካ ብዬ አይቲውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የጥጉን ነገር ግን አላወቅንም፣ ነግረውን አያውቁም።»

ንስሯ ወንበሩን ዳብሳ ተቀመጠች። «ስንት ነው?» አለች። «በቀን የማበላሸው ስንት ነው?»

«ሦስት፣ አራት። አንዳንድ ቀን ከዚያም ይበልጣል።»

«ታዲያ ልጁን ለምን ታባርረዋለህ?»

«አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት። እርስዎን ልጠይቅ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍሉ ሲስቅላት፣ እሷ ያታለለቻቸው መስሏት በየማታው እየተደሰተች ቤቷ ትገባ ነበር። የንቡ ቀልድ ለሷ ሽፋን እንዲሆን ሆን ተብሎ የሚነገር ነበር። ያ ሁሉ የምሳ ሰዓት፣ ያ ሁሉ ብልሃት፣ ያ ሁሉ ኩራት በማኅተም ያዧ ትዕግሥት ላይ የቆመ ነበር። ብትሰድባት፣ ብታሳጣት ይሻላት ነበር፤ መታዘን ግን ቅስሟን ሰበረው። ኃላፊው ደብዳቤው እንደማይጻፍ ማለላት፤ ለሷም ቀለል ያለ ቦታ እንደሚፈለግ፣ ደመወዟ እንደማይነካ በትሕትና ነገራት። እሷም እንደ ሐኪሙ ጊዜ አመሰግናለሁ ብላ ወጣች።

ወንበሯ ላይ ስትመለስ አይቲው ደንግጦ እየጠበቃት ነበር። ነገሩን ሰምቷል። እየተንተባተበ፣ የቱ የት እንደነበረ ይንገሩኝና አሁኑኑ እመልሰዋለሁ፣ ከፈለጉም ከዚህ የበለጠ አተልቀዋለሁ አላት። ማኅተም ያዧ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ወረቀቶቿን ታገላብጣለች፣ ማኅተሙን ግን አታነሣውም።

«አትመልሰው» አለችው ንስሯ። «ነጭ አድርገው። ፊደሉንም እንደ ሰዉ አሳንሰው፣ ቀስቱንም አቅጥነው።»

«እትዬ፣ እንዴት ይሠሩበታል?»

«ሌላ ሰው ይሠራበታል። ሲመጣ አይቸገር።»

አይቲው ማኅተም ያዧን አየ። እሷ አንገቷን ደፍታለች። ሌላ ምርጫ ሲያጣ ጎንበስ ብሎ ጀመረ። አራት ዓመት የተለፋበት ነገር ለመጥፋት ሦስት ደቂቃም አልፈጀበት። ጥቁሩ ሄደ፣ ቢጫው ሄደ፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ በራ። ንስሯ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ጠጋ ብላ ስክሪኑን ስታይ ቆየች።

«ፊደል አለበት?» ብላ ጠየቀችው።

«አለበት፣ እትዬ» አላት።