የአክስቴ ድድና የማንጎስቲን ቅርፊት

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። መቀሷ አንገቷ ላይ በክር ተንጠልጥሎ እያለ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ክር የበጠሰችው በጥርሷ ነው። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ባሏ «መቀሱን ለጌጥ ነው ያሰርሽው» እያለ ይቀልድባታል።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ነው። ልጅቷ ለመጨረሻ ልክ መጥታ መስተዋት ፊት ቆማ ሳለ፣ እናቷ እጅጌው ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቀይ ነጥብ አየች።

«መርፌ ወግቶሽ ይሆን?» አለቻት አክስቴን።

አክስቴ ጣቶቿን አገላብጣ አየች። አንድም ጭረት የለም። ምላሷን ድዷ ላይ ስታሳልፍ ግን ደም ደም አላት። ነጥቧን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና አጥባ አስለቀቀች፤ እናትየዋም ቅር ሳይላት ልጇን ይዛ ሄደች። አክስቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ድዷ መድማት ከጀመረ ቆይቷል፤ ከታች የፊት ጥርሶቿ አንዱ እንደሚነቃነቅም ታውቃለች። እናቷ፣ ማለትም አያቴ፣ በሃምሳ ዓመቷ አንድ ጥርስ እንኳ አልቀረላትም ነበርና አክስቴ የእሷም ዕጣ ያው ነው ብላ ቁርጧን አውቃ ተቀምጣ ነበር።

እኔ የምሠራው በዩኒቨርሲቲው የጥርስ ክሊኒክ፣ መዝገብ ክፍል ነው። በዚያው ሰሞን ድዳቸው የሚደማ ሰዎች ለጥናት እንደሚፈለጉ የሚገልጽ ማስታወቂያ በራችን ላይ ተለጠፈ። አክስቴን እየጎተትኩም እየለመንኩም ወሰድኳት።

ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ረጋ ያለች ሴት ናት። አንድ ክብ ፍሬ ለሁለት ከፍላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። ቅርፊቱ ወፍራምና ወደ ጥቁር ያደላ ወይን ጠጅ ነው፤ ውስጡ እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂ የተከፋፈለ ነጭ ሥጋ አለው።

«ማንጎስቲን ይባላል» አለቻት። «ከማንጎ ጋር የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የለውም። ሰው ነጩን በልቶ ቅርፊቱን ይጥላል። እኛ የምንፈልገው የሚጣለውን ነው። ቅርፊቱ ውስጥ ዛንቶን የሚባሉ ቢጫ ንጥረ ነገሮች አሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ድድ የሚያሳምሙ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ሲያዳክሙ ታይቷል። ሰው አፍ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠሩ ግን ገና በደንብ አናውቅም። እርስዎን የፈለግነውም ለዚሁ ነው።»

ቀጥላም አሠራሩን አስረዳቻት። ግማሹ ሰው ከቅርፊቱ የወጣው ንጥረ ነገር ያለበት፣ ድድ ላይ የሚቀባ ጄል ይሰጠዋል። ለቀሪው የሚሰጠው በቀለምም በጣዕምም ያንኑ የሚመስል፣ ግን ፍሬው የሌለበት ነው። ለማን የትኛው እንደደረሰ ጥናቱ እስኪያልቅ ዶክተሯም አታውቅም። የሁሉም ጥርስ ግን በደንብ ይጸዳል።

«ባዶው ቢደርሰኝስ?» አለች አክስቴ።

«ከጽዳቱና ከክትትሉ የሚጎድልብዎት ነገር የለም።»

አክስቴ መነጽሯን አውጥታ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችና ፈረመች።

ጽዳቱን የሠራችላት የጥርስ ነርሷ ናት። በሁለት ቀጠሮ ከጥርሶቿ ሥር የደደረውን ቆሻሻ ፍቃ አወጣችላት። ከዚያ መስተዋት አስይዛ ታስተምራት ጀመር።

«እትዬ፣ ብሩሹን ወለል እንደሚፈትግ ሰው አይጫኑት። ቀስ አድርገው፣ ከድዱ ጥግ። አሁን ደግሞ ይህን የጥርስ ክር በሁለት ጣትዎ ወጠር ያድርጉና…»

«የክሩን ነገር እንኳ ለእኔ ተዪው፣ የኔ ልጅ» አለች አክስቴ። ነርሷ በሳቅ ፈረሰች።

አክስቴ የተባለችውን አንድም ቀን አላጓደለችም። ጄሉን ጠዋትና ማታ ትቀባለች፤ በብሩሽም በክሩም ጥርሷን ታጸዳለች። በሁለት ወር ውስጥ ደሙ ቆመ። የሚነቃነቀውም ጥርስ ጠበቅ አለ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት። የደንበኛ ወገብ እየለካች ስለ ማንጎስቲን ታወራለች፤ ጨርቅ ልትገዛ ሄዳ ስለ ማንጎስቲን ታወራለች።

«ስፌቱን ትተሽ የፍሬ ወኪል ሆንሽ እንዴ?» ይላታል ባሏ።

ከሱቋ ቀጥሎ ያለው፣ የእሱም ድድ የሚደማ ዳቦ ጋጋሪ የእሷን ወሬ ሰምቶ፣ የማይፈውሰው በሽታ እንደሌለ የተጻፈበት የማንጎስቲን ጭማቂ በጠርሙስ ገዝቶ ይጠጣ ጀመር።

በስድስተኛው ወር ዶክተሯ የጥናቱን ተሳታፊዎች ሰብስባ ውጤቱን ነገረቻቸው። የቅርፊቱ ጄል የደረሳቸው ሰዎች የድድ መድማት ከሌሎቹ በጥቂቱ ቀንሷል፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው፣ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው። መድኃኒት ለማለት ጊዜው ገና ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ፖስታ ታደለ። አክስቴ ከፈተችው። የደረሳት ባዶው ነበር።

ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችው። ዶክተሯ አይታት አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«ከፋዎት እንዴ?»

«አልከፋኝም፤ አፈርኩ እንጂ። ሰፈሩን በሙሉ አሳስቻለሁ። ታዲያ እኔን ያዳነኝ ምንድን ነው?»

ዶክተሯ በር አጠገብ የቆመችውን ነርስ በአገጯ አመለከተቻት። «የእሷ እጅና የእርስዎ ትጋት ነው።»

አክስቴ ተነስታ ሄዳ ነርሷን አቅፋ ሳመቻት። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የምታወራው ስለ ዶክተሯ ነበር። «ጄሉ ነው ያዳነሽ ብትለኝ ማን ያውቅባት ነበር? ስድስት ወር የለፋችበት ነገር ነው። ግን እውነቱን ነገረችን። እግዜር ይስጣት።»

በማግሥቱ ሱቋን ሳትከፍት ቤት ለቤት ዞረች። መጀመሪያ የገባችው ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ነው።

«ጋሼ፣ ስለዚያ ፍሬ የነገርኩዎት ልክ አልነበረም። ለእኔ የተሰጠኝ ፍሬው የሌለበት ነው። ሰዎቹ ገና እያጠኑት ነው።»

ዳቦ ጋጋሪው እጁን ከዱቄቱ አራግፎ አንገቱን ደፋ። «እኔም እውነቱን ልንገርሽ። ድዴ እስካሁን ይደማል። ደስታሽን ላለማበላሸት ብዬ ነው ተሻለኝ ያልኩሽ።»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በዚያው ሳምንት ራሷ ወደ ክሊኒኩ ይዛው መጣች።

ዘንድሮ ዶክተሯ ብዙ ሰው የሚሳተፍበት ሁለተኛ ጥናት ጀምራለች። አክስቴ ቀድማ ተሰለፈች፤ ውለታዋን ለመመለስ ነው። ነርሷ አፏን አይታ፣ ለክታ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ ላከችው። «ድዷ ጤነኛ ስለሆነ ለጥናቱ አትሆንም» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ቅር ልትሰኝ አሰበችና አልሆነላትም፤ ፈገግ እያለች ወረቀቱን ተቀብላኝ ለባሏ ልታሳየው ሄደች። ድዱ ገና ያልዳነው ዳቦ ጋጋሪ ግን ተመዘገበ።