ያልተከፈቱት ስድስት ካርቶኖች

ጀብሪል መርሳ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ከእሱ እጅ አንድ ጠመኔ ማውጣት አበሳ ነው እያሉ መምህራኑ ያሙታል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለትምህርት ቤቱ ሰባት ኮምፒውተሮች በእርዳታ መጡ። አንዱን ጸሐፊዋ ንግሥት ወሰደች። ስድስቱ የኮምፒውተር ክፍል እስኪሠራ ይቀመጡ ተባለና ጀብሪል ተረከባቸው። ክፍሉ ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት አለፉ። እሱ ካርቶኖቹን ጣውላ ላይ ደርድሮ፣ ላስቲክ አልብሶ፣ አይጥ እንዳይደርስባቸው በየሳምንቱ ዙሪያቸውን ይጠርግ ነበር። ማሸጊያቸውን ማንም እንዲነካ አልፈቀደም።

ጦርነቱ ሲቃረብ፣ ሰው ልጁንና ከብቱን ይዞ ሲወጣ፣ ጀብሪል ባለጋሪ ለምኖ ስድስቱን ካርቶኖችና የንግሥትን ኮምፒውተር ገጠር አማቱ ቤት አደረሰ። የማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ሸሸጋቸው። ሚስቱ ከድጃ የልጆቹ ልብስ ቀርቶ ይሄ ይጫናል ወይ ብላ ብዙ ቀን አኮረፈችው። ሲመለሱ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ኮምፒውተሮቹ ግን ተረፉ። መምህራኑ ያን ቀን ተሰብስበው መረቁት።

ዘንድሮ ክፍሉ ተሠራ። ከወልድያ ሜላት የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ተጠራች። የመጀመሪያውን ካርቶን ጀብሪል ራሱ ከፈተው። ነጩ ፎም ቢጫ ሆኗል። ገመዱን ሲይዘው እጁ ላይ ተጣበቀ። ማንም ያልነካው ዕቃ ስለ ምን እንደሚያጣብቅ ግራ ገብቶት መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሜላት ሰካችው፤ አልበራም። ሁለተኛው በራ፣ ያሳየው ቀን ግን ከተሠራበት ዘመን የቀደመ ነበር። ሦስተኛው የተቃጠለ ነገር ሸተተ። አመሻሹ ላይ ከስድስቱ የሚሠሩት ሁለት ብቻ ሆኑ።

ርዕሰ መምህሩ ሽፈራው ተከፍተው ያውቁ እንደሆነ ለማየት ማሸጊያዎቹን ያገላብጥ ጀመር። ጀብሪል ፊቱ ጋለ። ሜላት ነገሩ ገብቷት ማሸጊያው የፋብሪካው እንደሆነ፣ እጅ እንዳልገባበት ተናገረች።

“ታዲያ ምን ነካቸው? አያያዜ ነው?” አለ ጀብሪል።

“አይደለም ጋሽ ጀብሪል። እርስዎ በደንብ ነው የያዟቸው። መቀመጡ ራሱ ነው ያስረጃቸው።”

የአንዱን ኮምፒውተር ክዳን ከፍታ አናታቸው ያበጠ ትንንሽ ቆርቆሮዎች አሳየችው። ውስጣቸው ፈሳሽ እንዳለ፣ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ብዙ ዓመት ሲቆይ እንደሚበላሽ አስረዳችው። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክለው ባትሪም ብቻዋን አልቃለች፤ የሚሽከረከረው ክፍል ግራሶም ደርቋል። ጀብሪል ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ግን አልገባውም። የአገዳው ሙቀት ይሆን ብሎ ጠየቀ። ሙቀትም ይጎዳል አለችው። እንዲያ ከሆነ የንግሥት ኮምፒውተርስ እዚያው ክምር ውስጥ አልነበረም? አላት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀጥቅጦ ፊደሉ ከቁልፎቹ ላይ ጠፍቷል፤ ዛሬም ደብዳቤ ይጽፋል።

“የእሷ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ ወልድያ መጥቶልኝ ጠግኜዋለሁ። ስለሚሠራበት ሕመሙ ይታይ ነበር” አለች ሜላት።

ቤቱ ገብቶ ለከድጃ ነገራት። የድሮ ኩርፊያዋን ታነሣብኛለች ብሎ ነበር፤ እሷ ግን እስኪጨርስ ሰማችውና፣ “እና ብንተዋቸው ይሻል ነበር ማለት ነው?” አለችው። እንቅልፍ እስኪወስደው ሲያሰላስል ቆየ፤ የጠበቀውን ዕቃ ያበላሸው መጠበቁ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የሠራው ሥራ ምን ይባላል?

ጠዋት ሽፈራው ቢሮ ገባ። ከጦርነቱ ወዲህ በእርዳታ የመጡት ሁለት ማይክሮስኮፖችና አንድ ማተሚያ እንደታሸጉ መሆናቸውን ነገረውና ዛሬውኑ ወጪ ይደረጉ አለ። ሽፈራው በአንድ ወቅት ማይክሮስኮፖቹን አውጣ ብሎ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፎለት ስለነበር ተገርሞ ምን እንደተገኘ ጠየቀው።

“እኔ እንጃ” አለ ጀብሪል። “ብቻ ይውጡ።”

የባዮሎጂ መምህሩ መጥቶ ፈረመና አንዱን ማይክሮስኮፕ ታቅፎ ወጣ። ጀብሪል ጠርቶ ያስመልሰኛል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ግቢውን እስኪያቋርጥ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ።