ባለካባው ሰውዬና የፈነዳው ጎማ

ባለፈው ሳምንት፣ የካዛንቺሱ ቤታችን ሲፈርስ በጥድፊያ አስሬ አሁን ወደምኖርበት ላንቻ ካመጣኋቸው ካርቶኖች አንዱን ስፈታ፣ የአባቴን የቪዲዮ ዴክ ሸፍኖ የኖረው ዳንቴል እጄ ገባ። ዴኩ ራሱ የት እንደደረሰ እንጃ፤ እኔ ለቆራሌው ሰጥተነዋል እላለሁ፣ ወንድሜ ከቤቱ ጋር ቀርቷል ይላል፣ እስካሁን አልተስማማንም። ዳንቴሉ ግን ይኸው፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ፣ ናፍታሊንና የሞቀ አቧራ እየሸተተ። አስጠግቼ ሳሸተው እሑድ ከሰዓት ሆነብኝ፤ በራችን ላይ የተከመረው የጎረቤት ጫማ፣ መሬት ላይ የተደረደርነው ልጆች፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ቆሎ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ።

ካርቶኑን የፈታሁት ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። የልጅነት ጓደኛዬ ማርታ፣ የእናቷ የእትዬ አስካለ አርባ በወጣ ማግስት ደውላልኝ ነው። «ስሚ እንጂ፣ ያ የባለካባው ካሴት አንቺ ጋ ይኖራል?» አለችኝ። «ማለቴ... ለልጅቷ የሚነግራት ቦታ አለ አይደል? በቃ እሱን ብቻ ማየት ነው የፈለግኩት።» ምን እንደሚነግራት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። ካሴቱ ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም።

ዴኩን አባቴ የገዛው ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነበር። ሆዱ ውስጥ ካሴት መኖሩ የታወቀው ቤት ከገባ በኋላ ሲሆን፣ እሱም ሽፋን የሌለው፣ መጀመሪያው ተበልቶ የፊልሙ ስም እንኳ የማይነበብ ነበር። ሌላ ካሴት መግዛት የቅንጦት ቅንጦት ስለነበር ቪዲዮ ቤቶች ሰፈራችን እስኪደርሱ ድረስ ያንኑ አየን፣ ደጋግመን አየን፣ ጥርሳችን እስኪለወጥ አየን። አረንጓዴ ካባ የደረበ፣ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ሰውዬ በፎቅና በፎቅ መካከል ይበራል፣ ከእሳት ውስጥ ሰው ያወጣል፣ ድልድይ በትከሻው ይደግፋል። ከዚህ ያለፈው ሁሉ የአስተያየት ጉዳይ ነበር።

አስተያየት ደግሞ በኛ ሰፈር ጠፍቶ አያውቅም። ካባ የሚለብሰው ሙሽራ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ተመልካች ሰውዬው ከሠርጉ የጠፋ ሙሽራ መሆኑን አምኖ፣ ክርክሩ ለምን ጠፋ የሚለው ላይ ነበር። ካሴቱ አርጅቶ ምስሉ ላይ ነጫጭ መስመር ስለሚወርድ በዚያ አገር ዝናብ አያባራም ተባለ፤ እኔም ትልቅ ሰው እስክሆን ድረስ አሜሪካ ክረምት ብቻ ያለበት አገር ይመስለኝ ነበር። እማማ የሺ ሰውዬው መልአክ ይሁን ሌላ ነገር መወሰን ስላቃታቸው ወደ ላይ ሲነሳ ያማትባሉ፣ ሲወርድ ዝም ይላሉ። ባለሱቁ ጋሽ በድሩ ግን ከልባቸው ያዝኑ ነበር። «እንዲህ የሚበር ሰው፣ ያለ መኪና፣ ያለ ወያላ፣ ከመርካቶ ሸቀጥ ማመላለስ ሲችል!» ይሉና በጥፊ የተመታ ሰው ይመስል ጉንጫቸውን ይዘው ይቀመጣሉ።

እንግሊዝኛውን መጀመሪያ የሚተረጉመው አባቴ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አርቃቂ ነበርና። በመንገድ ሲሄድ የሱቅ ታፔላ ላይ አንዲት ፊደል የጎደለች እንደሆነ ባለቤቱን አስጠርቶ የሚያርም ሰው ነበር። ሲተረጉም ግን ዜና የሚያነብ ይመስል ነበር፤ «ወንጀለኛው በቁጥጥር ሥር እንዲውል ተጠይቋል» ይልና፣ ቀጥሎ ግሱ ለምን ኃላፊ ጊዜ እንደሆነ ሊያስረዳ ሲሞክር ሰዉ አመፀ። ስለዚህ ሥልጣኑ ለእትዬ አስካለ ተላለፈ። እትዬ አስካለ በልጅነቷ ፈረንጅ ቤት ሠርታለች፤ ከማብሰያ ቤት ቃላት በስተቀር ምን ያህል ታውቅ እንደነበር የጠየቀ ግን አልነበረም። በእሷ አፍ ሌባውም፣ ዳኛውም፣ ባለካባውም የካዛንቺስ ልጅ ሆኑ። ሲሳደቡ የኛን ስድብ፣ ሲያስታርቁ የኛን እርቅ ነበር። አባቴ እንደዚያ አራሚ ሆኖ እሷን አንድም ቀን አላረማትም፤ ተሸንፎ ዝም ያለ መስሎን ውስጥ ውስጡን እንስቅበት ነበር።

ለእሱ የቀረለት ሥልጣን ዴኩ ላይ ነበር። ዳንቴሉን አንስቶ አራት ቦታ ያጥፋል፣ ዴኩን በጥጥና በአልኮል ይጠርጋል፣ ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲጠጋም ከወንበሩ ይነሳና «ሞቋል፤ ትንሽ ይረፍ» ብሎ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፤ ከዚያ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር የሚነካ ያህል መዳፉን ዴኩ ላይ አሳርፎ ይቆማል። ዕቃ የሚወድ ሰው ነው ይባልለት ነበር።

የማርታ አባት የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። አንድ ጊዜ ጭኖ ወጣና አልተመለሰም። ሞተ ተብሎ አልተለቀሰ፣ መጣ ተብሎ እልል አልተባለ፤ መኪናውን አየሁ የሚል ተገኝቶ ሰሌዳው ሌላ ይሆናል። ማርታ ማታ ማታ እራት አልበላም ትል ጀመር፣ እሱ ሲመጣ አብራው እንድትበላ። ወላጆቼ ስለዚህ በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እና እንግዲህ ያ ቦታ፤ ባለካባው ከእሳት ያወጣት ትንሽ ልጅ መስኮት ላይ ቆማለች፣ እሱ ከውጭ በኩል ጨርቁን ከፊቱ ገልጦ ያያታል። ፊቱ ይንቀጠቀጣል። ሊያለቅስ ነው ብለን እኛም ከንፈራችንን እንነክሳለን። እትዬ አስካለ ያኔ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከቴሌቪዥኑ ሳይሆን ከሆዷ አውጥታ፣ «አባትሽ መንገድ ላይ ነው፤ ጎማ ፈንድቶበት ነው የቆየው። ሌሊት ቢገባ ይቀሰቅስሻል። እራትሽን በልተሽ ተኚ» ትላለች። ለምን ትልልቆቹ ሁሉ አንገታቸውን እንደሚደፉ አይገባኝም ነበር። የሚበር ሰው ስለ ጎማ ምን አገባው ብሎ የጠየቀም የለም። ማርታ ግን ቤቷ ሄዳ ትበላ ነበር።

ካሴቱ ሲጠፋብኝ የወንድሜን ልጅ አስቸገርኳት። አረንጓዴ ካባ፣ ድልድይ፣ እሳት ብዬ ብነግራት ስልኳ ላይ ወዲያው አገኘችው፤ ዝናቡ ሁሉ ቀርቶ፣ ጠርቶ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ! ዝናብ ባይኖርበት ሌላ ፊልም መሰለኝ። ከሥሩ ከየአገሩ ያዩት ሰዎች የጻፉትን አስተያየት ልጅቷ እየሳቀች አነበበችልኝ። አንዱ ካባው ውስጥ የተሸጎጠው ሽቦ ይታያል ብሎ ይቀልዳል፣ አንዱ ድሮ ካሴት ላይ ያየሁት ይሻላል ይላል፣ ሌላዋ ከልጆቿ ጋር አይታ አምስት ኮከብ ሰጥታለች። ስለ ጎማው የጻፈ አንድም የለም። ወደ ስልኬ አስልኬ መጨረሻውን ራሴ ፈልጌ አየሁት። ሰውዬው ከመስኮቱ ውጭ መጣ፣ ልጅቷን አያት፣ ሄደ። ምንም አላለም። ሙዚቃ ብቻ ነው።

መልሼ አየሁት፤ አሁንም ምንም። ሌላ ቦታ ይሆናል ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ ጎማ የሚባል ነገር የለበትም። ለወንድሜ ደወልኩ። «ኧረ ብሏታል! ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ!» ብሎ ማለ። እትዬ አስካለ ከራሷ መጨመሯ አይደለም ያስገረመኝ፤ ያን ያህልማ አሁን ይገባኛል። ግን እኔም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ቦታውም ረጅም ነበር፣ ቆሎ ሳንቆረጥም የምንጠብቀው ረጅም ዝምታ። የማየው ግን ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያልፋል። የሠላሳ ዓመት ትዝታዬ ሊፈርስብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በላይ ግን የፈራሁት ለማርታ ነው። እናቷን በቅርቡ የቀበረች ሰው፣ ከልጅነቷ የቀራትን አንድ ቃል ልስማ ስትል እንዴት ሙዚቃ ይዤላት እሄዳለሁ? አጣሁት ልበላት? ሳልወስን እሑድ ደረሰ።

ማርታ አሁን የምትኖረው ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ስሄድ ሚኒባሱ በካዛንቺስ አለፈ። ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድ፣ አዳዲስ ዘንባባ። በራችን የቱ ጋ እንደነበር አንገቴን እያዞርኩ ብፈልግ ጠፋብኝ፤ ያ ሁሉ ጫማ የሚከመርበት ደጅ ከአስፋልቱ ሥር ይሁን ከሣሩ ሥር መለየት አቃተኝ።

ማርታ ስልኬን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ አቆመችው። ቦታው ደረሰ። ሰውዬው መጣ፣ አያት፣ ሄደ። ማርታ ፊቷን እንኳ አላዞረችም። «ምንም እንደማይላት የማላውቅ መስሎሽ ነው?» አለችኝ። «ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ቪዲዮ ቤት አይቼዋለሁ። እማዬን ዝም አልኳት፣ በቃ። ለእሷም ደስ ይላት ነበር። እኔን ግራ የሚገባኝ፣ ያን ሁሉ ነገር የት ቦታ አስገብታው ነው? መልሺው እስቲ።»

መለስኩት። መስኮቱ ሲመጣ፣ ሳላስበው፣ ጣቴ ሄዶ አቆመው። ፊቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። አልተንቀጠቀጠም። የሚንቀጠቀጠው ሰውዬው ሳይሆን በቁልፍ የቆመው የካሴቱ ምስል እንደነበር፣ ከንፈሩንም ያንቀሳቀሰው ያ መንቀጥቀጥ እንደነበር፣ አባቴ ሁልጊዜ ከወንበሩ የሚነሳው እዚህ ጋ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሌላ ቦታ ላይ ዴኩ ሞቆ አያውቅም።

«ሞቋል፤ ትንሽ ይረፍ» አልኩ። ማርታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አባቴና እትዬ አስካለ ተነጋግረውበት ይሁን፣ ወይስ አንድ ቀን እሱ በዘፈቀደ ሲያቆመው እሷ ቃል አግኝታ፣ ከዚያ ወዲያ ሳይባባሉ እየተጠባበቁ ቀጥለውበት ይሁን፣ የሚነግረን የለም። ሁለቱም የሉም። ደጁም የለም። እኛ ብቻ ከስኳር ዕቃው ፊት ተቀምጠን የጠራውን ፊት እያየን የሚተረጉምልን ሰው ጠበቅን።

ቆይታ ማርታ፣ «አባትሽ መንገድ ላይ ነው» ብላ ጀመረች፤ «ጎማ ፈንድቶበት ነው የቆየው። ሌሊት ቢገባ ይቀሰቅስሻል። እራትሽን በልተሽ...» ድምፅዋ እዚያ ላይ ተቋረጠ።

«ተኚ» አልኳት።

ስልኩ ቀዝቃዛ ነበር። ሆኖም ፊልሙ እንዲቀጥል ማናችንም አልነካነውም።