የገዳዩ ማመልከቻ

ከማንኩሳ ቁልቁል ወርዶ፣ ገደሉ አፍ ላይ ባለችው በጉንድል ቀበሌ፣ ክንዱ ባንተአምላክን በባዶ ስሙ የሚጠራ ሰው አልነበረም። "ገዳይ ክንዱ" ነበር። ሠርግ ቤት ሲገባ ሽማግሌዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁለታል፤ ጠላው ቀድሞ ለእሱ ይቀዳል፤ አዝማሪ ካለ ስሙን ሳያነሣ አያልፍም። እሱ ታዲያ አንገቱን ይደፋል። ሁለት ጣት የጎደለውን ግራ እጁን ጋቢው ውስጥ ይደብቃል። ሰዉ ይህን አይቶ "ጨዋ ነው፣ አይኩራራም" ይላል። ጉንድል አንድ ጊዜ ማመስገን ከጀመረ ማጣራት የሚባል ነገር አይወድም።

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ በየካቲት ነው። ከገደሉ ደን የወጣች ነብር ፍየሉን ጨርሳ ወደ ጥጃ ተሸጋገረች። ቀጥላ አስካለ ማርያም የምትባለውን ጎረቤት በጠራራ ፀሐይ ከምንጭ መንገድ ላይ ዘላ ያዘቻትና የግራ ጉንጯን ከነዓይኗ ገሸለጠችው። ሴትየዋ ተርፋለች፤ እሱም መትረፍ ከተባለ። በማግሥቱ ዐሥራ አራት ወንዶች ጦርና ምሳር ይዘው ጥሻውን ከበቡት። እንዲህ ባለው አደን ደንቡ የታወቀ ነው፤ ማንም ይጨርሳት ማን፣ መጀመሪያ ደሟን ያፈሰሰው ሰው ገዳይ ይባላል፤ ስሙም ክብሩም የእሱ ይሆናል።

ክንዱና ታናሽ ወንድሙ እንዳለው በፈፋው በኩል ገቡ። ሌሎቹ የሰሙት ጩኸት ብቻ ነው። ሮጠው ሲደርሱ እንዳለው በጀርባው ተዘርግቷል፤ ጉሮሮው ተዘልዝሎ የአንገቱ አጥንት ይታያል። ነብሯ ደረቱ ላይ እንደተጋደመች ሞታለች። የክንዱ ምሳር ጭንቅላቷን ሁለት ቦታ ፈልጦ እዚያው ተሰንቅሯል፤ የክንዱ ግራ እጅ ደግሞ ጥርሷ መሀል ነው። ጎኗ ላይ የተሰካው ጦር የሟቹ አባታቸው የባንተአምላክ ጦር ነበር። የአባት ጦር የታላቅ ልጅ ነውና ማን ወረወረው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መንጋጋዋን በዱላ ፈልቅቀው እጁን አወጡለትና "ገዳይ!" አሉ። ክንዱ አፉን አልከፈተም።

እንዳለው በዚያው ቀን ተቀበረ። ከቀብር ሲመለሱ እናታቸው እመት ታንጉት፣ ፊታቸውን በጥፍራቸው ቧጠው ደም እንደለበሱ፣ ለጋ ቅቤ አስመጥተው በገዛ እጃቸው የክንዱን አናት ቀቡት። "የወንድምህን ደም መለስህልኝ" አሉት። ቅቤው በግንባሩ ሲወርድ ክንዱ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሁሉም ለወንድሙ ያለቀሰ መሰለው።

ክብር ደግሞ አያበላም። ክንዱ ሚስቱን ወለተ ሥላሴን አግብቶ ሁለት ልጆች ወለደ፤ መሬቱ ግማሽ ሄክታር አይሞላም፤ አምና በረዶ በቆሎውን ከሥሩ አጨደው። ዘንድሮ የክልሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያንኑ የገደል ደን አስከልሎ ዐሥራ ሁለት የደን ጠባቂ ስካውቶች እንደሚቀጥር ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ ወለተ ሥላሴ "ይህ ካለፈህ ልጆቹን ይዤ ወላጆቼ ቤት እገባለሁ፤ በረኀብ አላያቸውም" አለችው። አልተቆጣችም፤ ረጋ ብላ ነው የነገረችው። ለዚህ ነው የፈራው።

የተጠየቀው ብዙ አይደለም፤ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ መታወቂያ፣ አመልካቹ ከዱር አራዊት ጋር ያለውን ልምድ የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ። ሊቀ መንበሩ ወንዳወቅ ወዳጁ ነው፤ አጭር ደብዳቤ መጻፍ ግን ፈጽሞ አልሆነለትም። ቁጭ ብሎ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ "አመልካቹ ከአራዊት ጋር ያላቸው ልምድ እጅግ ከፍተኛ ሲሆን፣ አንዲት ጨካኝ ነብር ፊት ለፊት ገጥመው በጦርና በምሳር የገደሉ፣ ሁለት ጣታቸውንም ለዚሁ የሰጡ ጀግና መሆናቸውን ቀበሌያችን በኩራት ያረጋግጣል።" መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ፊደሉን አረሙለት። ማኅተሙ እንዳይደበዝዝ ሁለቴ ተመታ። ከሊቀ መንበሩ እስከ መሪጌታው አንድም ሰው፣ ይህ ወረቀት ለማን እንደሚሄድ ቆም ብሎ አላሰበም። አውሬ የሚጠብቅ ሰው አውሬ የሚፈራው ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ጉንድል የሚያውቀው እንዲህ ነው።

ክንዱ በቃለ መጠይቁ ቀን ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ ተኩስ ተከፈተ። ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ የጠየቀ የለም፤ ዘንድሮ መንገደኛ የሚያውቀው ወለል ላይ መተኛት ብቻ ነው። አንዲት ጥይት የጎን መስታወቱን በርቅሳ የሹፌሩን ጆሮ ጫፍ ይዛው ሄደች። ሹፌሩ የተኳሹን እናት እየተሳደበ፣ ደሙ በአንገቱ እየወረደ፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሳያነሣ ቡሬ አስገባቸው። ክንዱ ወረቀቱን ከጉያው ሲያወጣ የመስታወት ስባሪ ረገፈ።

ጠያቂዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ከመሥሪያ ቤቱ የመጡት አቶ ሀይሉና ባለሙያዋ ወይዘሮ ማርያማዊት። አቶ ሀይሉ ደብዳቤውን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። "ፊት ለፊት ገጥመው" ላይ ቀስ አሉ፤ "ጀግና" ላይ ድምፃቸው ጠፋ። በሩ ስስ ነውና ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቁት አመልካቾች ሳቁ።

"ይህን ደብዳቤ አንብበውታል?" አሉት።

"አዎ ጌታየ። ትንሽ አብዝተውታል እንጂ…"

"ነብር መግደል እንደሚያሳስር ያውቃሉ?"

ወይዘሮ ማርያማዊት ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። "እኛ የምንፈልገው የሚጠብቃትን ሰው ነው፤ እርስዎ ይዘው የመጡት እንደገደሏት የሚያስረዳ ወረቀት፤ ያውም በሁለት ማኅተም። ይህ ፋይል ውስጥ ከገባ እንኳን ሥራ ሊያገኙ፣ የሚጠራዎት ፖሊስ ነው።"

ያኔ ክንዱ የሚስቱ የረጋ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣ። ለአራት ዓመት ለነፍስ አባቱ እንኳ ያልተናገረውን ለሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ተናገረ።

"እኔ አልገደልኋትም። ወንድሜ ነው የገደላት። ቀድሞ የወጋት እሱ ነው።"

"ወንድምዎ የት ናቸው?"

"ሞቷል።"

አቶ ሀይሉ ፈገግ አሉ። "መቼም የሞተ አይከሰስም" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ወይዘሮ ማርያማዊት ግን አልሳቁም። "እውነት ከሆነ በጽሑፍ ይምጣ። ቀበሌው ያርመው፣ የሟች ቤተሰብ ይፈርምበት። እስከ ዓርብ" አሉት።

ወንዳወቅ ይህን ሲሰማ ጭኑን መትቶ ሳቀ። "ምን ያለህ ብልጥ ነህ አንተየ! እንዳለውን መቼም ከአፈር አውጥተው አያስሩት። በል እንጻፈው፤ ለወረቀት ነው።"

"ለወረቀት አይደለም፣ ወንዳወቅ። እውነቴን ነው።"

"እሽ እሽ፣ እውነትህን ነው" አለና ዓይኑን ጠቀሰው። ሰው ሲዋሽ ቅቤ ቀብተው፣ እውነቱን ሲናገር ዓይን ይጠቅሱበታል። ይህ ያንገበግባል።

ወረቀቱ ተጽፎ ወደ እመት ታንጉት ግቢ ሄዱ። አሮጊቷ ጌሾ እየወቀጡ ነበር። ወንዳወቅ አነበበላቸው። ዘነዘናውን ሙቀጫው ውስጥ ትተው ቀና አሉ።

"ወንዳወቅ፣ አፈር በበላው ልጄ ላይ ወንጀል ልትጽፉበት ነው? በሕይወት ያለው እንጀራ እንዲበላ የሞተውን ወንጀለኛ ልታደርጉት? ውጡልኝ።"

"እማየ፣ እውነት ነው" አለ ክንዱ።

"ምኑ?"

"ጦሩን ይዞ የገባ እንዳለው ነው። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቶ 'አምጣው' ብሎ ተቀበለኝ። የወጋት እሱ ነው፤ ስትዘልበትም አልሸሸም።"

ወንዳወቅ ያኔ ገባው መሰል፣ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

"አንተ የት ነበርህ?" አሉት እመት ታንጉት።

"እዋንዛው ሥር።"

"ምን ያህል ይርቃል?"

"ስድስት ክንድ ቢሆን ነው።"

"ጠርቶህ ነበር?"

ክንዱ መሬት መሬት ያያል።

"ጠርቶህ ነበር ወይ ነው የምልህ!"

"ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ድምፁ ተቆረጠ። እግሬ እምቢ አለኝ፣ እማየ። ጸጥ ሲል ነው የሄድሁ። ጦሩ አንጀቷን በጥሶት እሷም እያጣጣረች ነበር። ምሳሩን ያሳረፍሁት በምትሞት አውሬ ላይ ነው፤ ጣቴንም የበላችው በጣሯ ነው።"

ዘነዘናው ከሙቀጫው ሲወጣ አላየም። የመጀመሪያው ምት ትከሻውን አገኘው፤ አጥንቱ ሲሰበር ወንዳወቅ ሰማ። ሁለተኛው ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ፤ ክንዱ በጉልበቱ ወደቀ። እጁን አላነሣም፤ ፊቱን አልሸፈነም፤ እንዲያውም ቀና አለላቸው። ወንዳወቅ ሊገላግል ቢጠጋ ዘነዘናው ወደ እሱ ዞረ። "አንተንም እደግምሃለሁ! ቅቤ ስቀባው አጨብጭበህ የለም?" ሦስተኛውን አንሥተው የልጃቸውን አናት አዩት። በገዛ እጃቸው የቀቡት አናት ነው። ዘነዘናውን ጣሉትና ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፤ ደረታቸውን በቡጢ እየደቁ፣ "ልጄን! ስድስት ክንድ! ልጄን!" እያሉ።

ለቅሶው ሲደክማቸው አፍንጫቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"ወረቀቱን አምጣው" አሉት ወንዳወቅን። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ተጫኑበት፤ በጣታቸው ላይ ጌሾም የክንዱ ደምም ነበረበት። "ለዚህኛው ብየ አይደለም። እንዳለው ገዳይ መሆኑ በማኅተም እንዲጻፍልኝ ነው። አንዱን ቅጂ ለእኔ ስጠኝ።"

እንዲህ ሆነ። አንዱ ወረቀት ቡሬ ሄዶ የአንድ ሟች ጥፋት ሆኖ ፋይል ውስጥ ገባ፤ ሌላው እመት ታንጉት ዘንድ የልጅ ክብር ሆኖ ተቀመጠ። ክንዱ ትከሻውን በወጌሻ አሳስሮ ውጤቱን ጠበቀ፤ ከዐሥራ ሁለቱ ስምንተኛ ሆኖ አለፈ። ወለተ ሥላሴ ዕቃዋን አላሸከፈችም።

የእንዳለው ለቅሶ ከፋሲካ በኋላ እንደ አዲስ ተጠራ። በአራት ዓመቱ! የመጀመሪያው ለቅሶ አውሬ ለበላው ምስኪን ነበር፤ የአሁኑ ለገዳይ ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከማንኩሳም ከቡሬም ዘመድ መጣ። የእንዳለው ልብስና የአባቱ ጦር መሀል ላይ ተዘረጋ። ወንዶቹ እየተነሡ ፎከሩ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ደብዳቤውን "ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት" ከሚለው ጀምረው እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበቡት፤ ሴቶቹም በየመስመሩ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ እመት ታንጉት ራሳቸው ተነሥተው ሙሾ አወረዱ፦

"ሦስቴ ተጣርቶ ወንድሙን በስሙ፣
ቆሞ አየው አሉ ሲንዠቀዠቅ ደሙ።"

ክንዱ ይህን የሰማው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ነው። ከደኑ ከጥበቃው ቀጥታ መጥቶ፣ አዲሱን የስካውት ልብስ እንደለበሰ፣ አንድ እጁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ። መመለስ ይችል ነበር። አልተመለሰም። ለቀስተኛው ተሰልፎ እናቲቱን ማጽናናት ሲጀምር እሱም ከሰልፉ ኋላ ገባ። ከፊቱ ያሉት ዞር ብለው አዩት፤ ያናገረው ግን አልነበረም። ተራው ደርሶ ጎንበስ አለ።

"እግዜር ያጥናዎ" አለ።

እመት ታንጉት ቆቡን፣ መለዮውን፣ የታሰረ እጁን አዩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የመንገደኛ እንግዳ ደጃቸው ሲመጣ የሚያሳዩትን ፊት ነው ያሳዩት።

"እግዜር ይስጥልኝ ጌታየ። ከወዴት ነው የመጡ?"

ከክንዱ ኋላ ያለው ሰው ተራውን እየጠበቀ ነው።

"ከደን ጥበቃው ነኝ" አለ።

"ሥራ አስፈታኋችሁ" አሉትና ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።