ያቺን

አባቴ አኮርዲዮን ተጫዋች ነው። የትም ቢጠራ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል "ያቺን ተጫወትልን" ይሉታል። በወጣትነቱ የሠራት፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዜማ አለች። ውሎ አድሮ ቅጽል ስሙም ይኸው ሆነ፤ ሲመጣ ሲያዩት "ያቺን መጣ" ይላሉ።

አንድ ቀን ሰርግ ላይ አዲስ ዜማ ሞከረ። ሰዉ ወሬውን ቀጠለ። የአዳራሹ ባለቤት ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?" አለው። አባቴ ይቅርታ ጠየቀ። ያ ይቅርታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ አዲሷን የሚጫወታት ዕቃ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ነው። እናቴ፣ "ከሽንኩርቱ ጋር ምን ይማከራል?" እያለች ትስቅበት ነበር። እኔ ከግድግዳው ማዶ የቤት ሥራዬን አቁሜ እሰማው ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልነገርኩትም።

ይኸው ከቤት ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ። ባለፈው እሑድ ከሰዓት፣ ልብስ እያጠፍኩ ድንገት ናፈቀኝና ደወልኩለት። ዕቃ ቤት ነበር።

"አባዬ፣ እስቲ ያቺን ተጫወትልኝ።"

"አንቺም?" አለ። ስልኩን መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጠው ሰማሁ። የታወቀችውን ጀመረ።

"እሷን አይደለም አባዬ። በር ዘግተህ የምትጫወታትን።"

ዜማው ተቋረጠ።

"ትሰሚያት ነበር እንዴ?" አለኝ። መልሴንም ሳይጠብቅ፣ "ቆይማ፣ በሩን ልክፈተው።"